የሠርግ ውኃ፣ የከል ውኃ

ክዳን ያልተደፋበት ድስት ሲፈላ ሳይ ከድስቱ በፊት እኔ እፈላለሁ። ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ እንኳ ተነሥቼ እከድናለሁ። በዚህ ጠባዬ አንድ ጊዜ በዘመድ ድግስ ላይ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ጭልፋ ይዘው አባርረውኛል። እናቴ «ቋጣሪ» ትለኛለች። አክስቶቼ ይሉኝታ ስላላቸው «ቆጣቢ» ይሉኛል። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ገንዘብ አይደለም፤ ሙቀት ነው። እንጨት ተፈልጦ፣ ነድዶ፣ ሰው በጭስ ዓይኑን አጥቶ ያገኘው ሙቀት ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ሲሄድ ቆሜ ማየት አልችልም።

ይህን ጠባይ ያመጣሁት ከበርሜል አጠገብ ነው። ጎንደር አራዳ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ እናቴና እኔ ክር እንነክራለን። ሸማኔዎች ለቀሚስና ለነጠላ ጥለት የሚያስገቡት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክር ከእኛ ግቢ ይወጣል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ደግሞ ነጭ ልብሱን ያመጣና ጥቁር ነክረን ከል አድርገን እንመልስለታለን። ሥራው ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ጥጥ ክር ቅባት ስላለው አስቀድሞ በሳሙና ካልተቀቀለ ቀለም አይቀበልም፤ ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ይቀቀላል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ሽቦ ላይ ይሰጣል። እኔ ግን ምን እንደምንሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «ውኃ እናፈላለን» ብዬ እገላገላለሁ። ከድካማችን አብዛኛው እሱ ነዋ።

እናቴ እኛን ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ በርሜል ነው። አንድ ክረምት ላይ ሳል ጀመራት። «ጉንፋን ነው» አለች። ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ ግን አልወጣም። ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ደረቷን ያዳመጠችው ወጣት ሐኪም እንጨት ታነድድ እንደሆነ ጠየቀቻትና «ከጭስ ይራቁ እናቴ። ሳንባዎ ደክሟል፤ እንዲህ ከቀጠሉ ትንፋሽዎ እያጠረ ነው የሚሄድ» አለቻት። እናቴ አንገቷን ደፍታ በትሕትና ሰማች። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቤት እንደገባን መቀነቷን አጠበቀችና በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደች።

«እማዬ! አሁን ምን ተብለሽ መጣሽ?»

«ከጭስ ራቂ ተባልሁ። ከእንጨት ራቂ ያለኝ የለም።»

«ጭሱ ከየት የሚመጣ መሰለሽ?»

«በርሜሉን ትቼ ምን ልሁን? ደጅ ተቀምጬ የአላፊ አግዳሚ ጫማ ልቁጠር?»

ይህን ስትል ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ከበርሜሉ ብትለይ በሳል ሳይሆን በሐሳብ ነበር የምትሞትብኝ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። እሷ ከእሳቱ አልርቅም ካለች፣ እሳቱ ከሷ ይራቅ። የእናቴ ሳንባ ሳያልቅ እሳታችንን ማሳነስ ነበረብኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረኝም ማለት ይቻላል።

«በመብራት አልሞከራችሁም?» የሚለኝ አይጠፋም። ሞክረናል። በመብራት የሚሠራ የውኃ ማፍያ ብረት ገዝተን በርሜሉ ውስጥ ነከርን። ውኃው ሊፈላ ሲል መብራቱ ሄደ። ሲመለስ ክሩ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የታመመ ሰው ፊት መስሎ ጠበቀን። ክሩን ያዘዘው ሸማኔ መጥቶ አገላብጦ ካየ በኋላ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ባንዲራ ነው?» ብሎን ሄደ። ወደ እንጨታችን ተመለስን።

መጀመሪያ የዘመትሁት ክዳን ላይ ነው። እናቴ በሕይወቷ በርሜል ከድና አታውቅም። «ከደፋሁበት ዓይኑን በምን አየዋለሁ?» አለች። ቀለም ዓይን አለው ብላ ታምናለች፤ ሲበስል ያፈጣል፣ ሲሰለች ያንቀላፋል። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ቆርቆሮ ክዳን አሠራሁና መሐሉ ላይ መስኮት አስቆረጥሁላት። ለመስኮቱም ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ቆርቆሮ ሠሪው ጉዳዩ ቢቸግረው «እውስጥ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።

ቀጥሎ የበርሜሉ ልብስ መጣ። በርሜላችን ሦስት ጉልቻ ላይ ተቀምጦ ነፋስ ከየአቅጣጫው እሳቱን የሚዘርፈው ምስኪን ነበር። ወለቃ ወርጄ ከመንገድ ዳር ሸክላ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ሸክላ አፈር ለመንኋት። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት «ለበርሜል ልብስ?» አለችና ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ አሳየችኝ። ስቀው ሲጨርሱ አፈሩን ሰጡኝ፤ ተሰባብሮ የተጣለ ገልም ጨመሩልኝ፤ ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር ሲቦካ እሳት ይችላል አሉኝ። የባጃጁ ሹፌር እስከ አራዳ ድረስ እየተነጫነጨ አደረሰኝ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቼ በርሜሉን ከታች እስከ አንገቱ ለበጥሁት፤ ምድጃውንም አንድ ማገዶ የሚገባበት አፍና አንድ የጭስ መውጫ ብቻ አስቀርቼ ዙሪያውን ዘጋሁት። መጀመሪያ የለበጥሁት ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ወደቀ። ሁለተኛው ያዘ።

እናቴ ቆማ አየችው።

«ለበርሜል ካባ ደርበሽ ለእናትሽ ጋቢ አጣሽ?»

ነገሩ ስለከነከነኝ ጋቢ ገዛሁላት። ማግሥቱን ጠዋት ጋቢው በርሜሉ ላይ ተጥሎ አገኘሁት። «ሌሊት በርዶት ሲያቃስት ሰምቼ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ የሣቅ ምልክት የለም። እጄን ውኃው ውስጥ ብነክር ትናንት የፈላው ውኃ ለብ ብሎ አድሯል። ቀልዷን ተቀብዬ ሥራ አደረግሁት፤ ለበርሜሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰጠሁትና ጋቢዋን አስመለስሁ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል? ጣሪያው ላይ ጥቁር የተቀባ በርሜል ሰቅዬ ፀሐይ እንዲያሞቅልን አደረግሁ፤ ጠዋት የምንጀምረው ከሱ ነው። የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውኃ አይደፋም፤ ለሚቀጥለው ክር መጀመሪያ መታጠቢያ ይሆናል። ቀለሙንም በተራ እናስገባለን፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ክሩ ቀለሙን ጠጥቶ ሲጨርስ በዚያው ትኩስ ውኃ ላይ የሚቀጥለው ይጨመራል። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ እሳት፣ እሱም ትንሽ። ጭሱ ቀነሰ፤ እናቴም ሳታስል አንድ ወሬ ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ቻለች። እሷ ግን ለውጡን ያየችው አትመስልም ነበር፤ ሲጠይቋት «ልጄ እሳት ትጾማለች» ነበር መልሷ።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለችኝ።

በእናቴ ሕግ የሠርግ ውኃ ሌላ ነው፣ የከል ውኃ ሌላ ነው። የሙሽራ ቤት ክር በተነከረበት ውኃ የሐዘንተኛ ልብስ አይገባም። ስለዚህ ሠርግና ለቅሶ በአንድ ቀን ከመጣ፣ ያን ሁሉ የለፋሁለትን ትኩስ ውኃ ቦይ ውስጥ ትደፋውና በቀዝቃዛ ውኃ ሁለተኛ እሳት ታነድዳለች። ጥር ላይ ደግሞ ሠርጉም ለቅሶውም አይጠፋም። እንፋሎቱ ከቦዩ እየተነሣ በአጥሩ ላይ ሲሄድ ሳይ አለቅስ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ያ ሁለተኛው እሳት ነበር የሚጎዳት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይዞርና ጭሱን መልሶ ግቢያችን ውስጥ ያጉረዋል፤ ሁለተኛ እሳት የነደደ ቀን ሌሊቱን ተቀምጣ ታድራለች።

«የከሉ ውኃ የሙሽራ ክር እንዳይነካ ያልሽው ይገባኛል» አልኋት። «ከጥቁር በኋላ ቀይ አይወጣም፤ ባታዢኝም አልነክረውም። የሠርጉ ውኃ ለከል ቢሆን ግን ምነው? ምን ነውር አለው?»

«በሐዘንተኛ መቀለድ ነው።»

«ማን ያያል?»

«ለሞተ ሰው አንድ እሳት ይነፈጋል?» አለችና ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ፣ ሞቶ፣ ለሱ ተብሎ አንድ እሳት አይነድለትም? በሌላ ሰው ትርፍራፊ?»

ተናደድሁ፤ ልክ እንደሆነች አውቄ ነው የተናደድሁት። ክብር ነው የያዘችው። ግን እያንዳንዱ ክብር ከሳንባዋ ላይ ነበር የሚከፈለው።

አሁን ስለ ጎረቤቶቻችን ልንገራችሁ። ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሴትዮዋን «እትዬ»፣ ባልየውን «አያ» ነው የምንላቸው። እትዬ ነገር የማያበዙ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። እናቴ ሳል ሲያፍናት ከማዶ ሆነው ግድግዳውን በከዘራ ይመታሉ። «አለሽ?» ማለታቸው ነው። እናቴ ትንፋሽ ስታገኝ በማማሰያዋ መልሳ ትመታለች። «አለሁ።» በዚህ መልክ ከብዙ ሰው የበለጠ ተጨዋውተዋል።

አያ ደግሞ የሠርግ ሰው ነበሩ። በሠፈሩ ያመለጣቸው ሠርግ የለም። ወጣቶቹ ሲደክሙ እሳቸው ገና ትከሻቸውን እያሟሟቁ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ግቢያችን ብቅ ይሉና ሽቦው ላይ የተሰጣውን ክር በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህ የማን ሠርግ ነው?» ይላሉ። ጥሪው ሳይደርሳቸው ክሩ ይደርሳቸዋል። እትዬ ከማዶ ሰምተው «ምነው አንተ ሰው! ሳይጠሩህ?» ሲሉ፣ አያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጥሪ የሚልከው ፍርድ ቤት ነው! ሠርግ ራሱ ይጣራል!» ይላሉ። እናቴ እስከምታስል ድረስ ትስቅ ነበር፤ ያኔም ከዘራው ግድግዳውን ይመታል።

ያን ጥር የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጁን ሊድር ለቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚሆን ቀይ ክር አዘዘን። አያ ወጉ ደርሷቸው በዚህ ሠርግ ተጠሩ። ባለ ወፍጮው ራሱ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ጋበዛቸው። አያ የጥሪ ወረቀቱን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ለሰላምታ የቆመውን ሁሉ ያሳዩ ነበር። ወደ እኛ ግቢ ገብተው ክሩ መነከሩን ጠየቁን። «ነገ» አልናቸው። «ሸጋ አድርጋችሁ አቅሉት፤ የተጠራሁበት ነው» አሉን።

በማግሥቱ ጠዋት ቀዩ ክር ገና ገብቶ ውኃው መፍላት እንደጀመረ ከማዶ ጩኸት ተሰማ። አያ እንደተኙ ቀርተዋል።

እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሮጠች። እኔም እያለቀስሁ ሮጥሁ፤ ግን ከመሮጤ በፊት እንጨቱን ከምድጃው ጎትቼ አጠፋሁ፣ ክዳኑን ደፋሁ፣ ብርድ ልብሱን ጣል አደረግሁ። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ እጆቼ ይህን ሁሉ ሠሩ። ሰው ሲፈጠር እንዲህ ከተፈጠረ ምን ይደረጋል? አያን እወዳቸው ነበር፤ ውኃውንም እወደዋለሁ።

ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቤት ዋልን። ከቀብር ስንመለስ እናቴ እግሯን እየጎተተች ወደ ግቢ ገባችና በርሜሉን ስታይ «ወይኔ ክሩ!» አለች። ብርድ ልብሱን አነሣሁ፤ ክዳኑን ከፈትሁ። እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጣቴን ነክሬ ቶሎ አወጣሁት። ጠዋት የተውነው ውኃ ያለ እሳት እስከዚያን ሰዓት ትኩስ ነበር። እናቴ ክሩን በዱላ አውጥታ ሽቦው ላይ ሰቀለችው። እንዲያ ያለ ቀይ ከዚያ በፊት ከግቢያችን ወጥቶ አያውቅም፤ ውኃው ውስጥ ተኝቶ ቀለሙን ቀስ ብሎ ጠጥቶታል። የሠፈራችን ደግ ሰው በተቀበሩ ቀን ደስ አለኝ። እናቴ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ወዲያው የእትዬ እኅት ነጭ ቀሚስና ነጠላ በእጇ ይዛ መጣች። ለሰልስቱ ከል እንዲሆን ነበር። እናቴ ልብሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። እኅትዮዋ እንደሄደች ባልዲውን አነሣችና ወደ በርሜሉ አመራች፤ ልትደፋው ነው። ፊቷ ከለቅሶው አብጧል፤ ደረቷ ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። በርሜሉና እሷ መካከል ገብቼ ቆምሁ።

ለቀስተኛው ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ በሹክሹክታ ነበር የተጣላነው።

«ውኃው ትኩስ ነው።»

«የሠርግ ነው።»

«ክሩ ቀለሙን ጠጥቶታል። ጥቁሩን ብንጨምርበት በእፍኝ ጭራሮ ይፈላል።»

«ለአያ? ለአያ እሳት ልንፈግ? እንጀራ ቆርሰውልሽ ያሳደጉሽ ሰው?»

«እሳቱን አያ አይሞቁትም እማዬ። ጭሱን ግን አንቺ ትውጪዋለሽ።»

«ዞር በይ።»

«አልዞርም። እንጠይቃቸው።»

«ሐዘንተኛ? ሐዘንተኛ ይጠየቃል? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሁት!» አለችና ባልዲውን ልትነክር ጎንበስ ስትል ሳሉ ያዛት። እንዲያ ስታስል አይቻት አላውቅም። በርሜሉን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ደግፌ አስቀመጥኋት፤ ጀርባዋን አሻሸሁ። ከማዶ ለቀስተኛው ዝም አለ።

ከዚያ ግድግዳው ተመታ።

ባላቸውን ቀብረው የተመለሱ ሴት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው «አለሽ?» አሉ። እናቴ ማማሰያዋን ፈለገች። እጇ ላይ ሰጠኋት፤ ግን ለመምታት አቅም አልነበራትም። ማማሰያውን ይዛ ቀረች። ጥቂት ቆየና የግቢያችን በር ተከፈተ። እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነሥቶ ጎረቤት ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ ከኋላቸው እኅታቸው ግራ ገብቷት ቆማለች።

«ምነው ሳትመልሺልኝ?» አሉ እናቴን።

እናቴ እጇን አወዛወዘች፤ ለኔ ደግሞ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። እትዬ በርሜሉን አዩ። ባልዲውን አዩ። ከውኃው የሚነሣውን እንፋሎት፣ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ክርም አዩ። ወደ ክሩ ተጠግተው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ የማን ሠርግ ነው?» አሉ።

የአያ ጥያቄ ነበር፤ በአያ አነጋገር።

«የባለ ወፍጮው ልጅ» አልኋቸው። ከዚያማ ዝም ማለት የኔ ጠባይ አይደለም፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ውኃው የሠርግ ክር የተነከረበት እንደሆነ፣ እናቴ ለአያ ክብር ደፍታው ሌላ እሳት ልታነድድ እንደሆነ፣ ሁለተኛው እሳት ምን እንደሚያደርጋት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ ክሩን ለቀው ከዘራቸውን ተመረኮዙ። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት።

«ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው ነበር» አሉ። «ይኼን ግን ተጠርቶበታል። ኮቱን አልብሰን ነው የቀበርነው፤ ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣሁትም፤ አብሮት ሄዷል።» በከዘራቸው ወደ በርሜሉ አመለከቱ። «እዚሁ ንከሩልኝ። ሠርጉ አይለፈው።»

«እትዬ፣ ይቀላብዎታል» አለች እናቴ።

«ይቅላ። አንቺ ሴት ደግሞ ሙቺና በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ አስቀምጪኝ!» ብለው ተቆጧት፤ ወጡም።

ጥቁሩን ቀለም ከጨው ጋር በዚያው ውኃ በጠበጥነው። እፍኝ ጭራሮ ብቻ አነደድሁ፤ ጭሱ ከምድጃው አፍ ሳይወጣ ውኃው ፈላ። እናቴ ልብሱን ራሷ ነከረችው፤ በመስኮቷ እያጮለቀች፣ ዓይኑን እያየች፣ አንዳንዴም ለአያ የሆነ ነገር እያጉረመረመች። ልብሱ ሲደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ከውስጡ ቀይ ብልጭ ይላል።

እትዬ ያንን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አንዲት ሴት ቀረብ ብላ «እትዬ፣ ከልዎ ምነው ቀላ?» አለቻቸው።

«የሠርግ ነው» አሉና ወደ ቅዳሴያቸው ገቡ። ሴትዮዋ እስካሁን መልሱን እያሰበችበት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ እናቴ ተሸነፈች ብዬ ብጽፍ ትገድለኛለች። ሕጓን አልተወችም፤ ማሻሻያ ነው ያደረገችበት። ልብስ ይዞ የመጣን ሐዘንተኛ ሁሉ አስቀምጣ ትጠይቃለች። «የሠርግ ውኃ አለን። ሟች ሠርግ ይወዱ ነበር?» መጀመሪያ ሰዎቹ ይደነግጣሉ። ከዚያ ስለ ሟቹ ማውራት ይጀምራሉ፤ እንዴት ይጨፍር እንደነበር፣ በየትኛው ሠርግ ጠጥቶ ቦይ ውስጥ እንደወደቀ። እንባቸውን እየጠረጉ የሚስቁ አሉ። ብዙዎቹ «ይሁን» ይላሉ። «አይሆንም» የሚል ሲመጣ ሁለተኛ እሳት ይነድዳል፤ የማነድደው ግን እኔ ነኝ፤ እሷ ቤት ውስጥ ጋቢዋን ለብሳ ትጠብቃለች። ይህን ማሻሻያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ደረቷን ደግማ ስታዳምጥ «ድነዋል አልልዎትም፤ ግን ትንፋሽዎ ተሽሏል። ምን አደረጉ?» አለቻት። እናቴ «ጸበል» አለች። ያን ሁሉ ጭቃ ያቦካሁት እኔ አጠገቧ ቆሜ!

ባለፈው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ክር አውጥተን እሳቱን ካጠፋን በኋላ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ነፋሱ ዞሯል፤ ግን የሚያመጣው ጭስ የለም። እናቴ የበርሜሉን ጭቃ በመዳፏ እየደባበሰች፣ ወሬ እንደቀጠለች ያህል ተናገረች።

«የኔ ቀን ሲመጣ፣ ለከልሽ ሁለተኛ እሳት እንዳታነድጂ።»

«ምን የሚሉት ወሬ ነው እሱ!» ብዬ ጮህሁባት።

«የነገርሁሽን ስሚ። የሠርግ ውኃ ፈልጊ። ካጣሽ ጥርን ጠብቂ።» ትንሽ አሰበች። «ቀዩም ይውጣበት፤ ምን አለበት።»

ከዚያ ተነሥታ ክዳኑን ደፋችው። ሳልነግራት፣ በራሷ እጅ። መስኮቱንም ከደነች። ብርድ ልብሱን አነሣችና ለሕፃን ልጅ እንደሚደረገው ዙሪያውን ሸጉጣ አለበሰችው።

ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ጭሱ ነው» አልኋት።

እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። እሷም ታውቃለች።